ታቦት ያረፈባት ሾላ

መምሬ ጉልላት «ቀባሽ ወይስ አልቀባሽም?» ብለው ሲጠይቋት ንጋትወርቅ ጣቶቿን እስከ አፍንጫቸው ዘርግታ «ያሽትቱት፤ ገና አልለቀቀኝም» አለቻቸው።

የግንቦት ልደታ ማግስት ነበር፤ ዘመኑም ሃምሳ ስምንት። ከአዋሽ ባቡር ጣቢያ በጥጥ መኪና የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቀው በዚያ እርሻ፣ ግንቦት ማለት ጠዋት በሁለት ሰዓት ቆርቆሮ የሚንጣጣበት፣ ውሻ እንኳ ከመኪና ሥር አልወጣም የሚልበት ወር ነው። ለጥጥ ሥራ ከወሎ፣ ከመንዝና ከሌላም ደጋ የወረዱት የካምፑ ሴቶች ግን በዓሉን አልተዉትም። እንዳገራቸው ደንብ ባቄላና ስንዴ ቀቅለው፣ ወንዙ ዳር ካለችው ትልቅ ሾላ ሥር ቄጠማ ጎዝጉዘው ልደታን አከበሩ። ንጋትወርቅም በዕድሜ የሁሉም ታላቅ ናትና የሾላዋን ግንድ ቅቤ ቀባች። «እመቤቴ፣ ልደትሽን ለከርሞ በጤና አድርሺን» አለች። ቀጥላም ግንዱን መታ መታ አድርጋ «አንቺም ጥላሽን አትንፈጊን» አለች። ሰው ለመምሬ የነገራቸው ይህንን ነው።

«በአንድ አፍ እመቤታችንንም ግንድንም ትጠሪያለሽ?» አሉ መምሬ።

«በዚሁ አፌ እርስዎንም አባቴ እላለሁ። አመለክሁዎት እንዴ?»

ውኃ ሊቀዱ የተሰለፉት ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ጎረቤቷ ካሰች ሳቋ አምልጧት የያዘችውን ጣሳ ጣለችው።

መምሬ አልሳቁም። ክፉ ሰው ግን አልነበሩም። ከአዋሽ ተልከው ከመጡ ዓመት አልፏቸዋል፤ በዚያ ዓመት ውስጥ ወባ የገደለውን የቀን ሠራተኛ ሁሉ፣ ዘመድ ይኑረው አይኑረው ሳይሉ፣ በጠራራ ፀሐይ ቆመው ፈትተው ቀብረዋል።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዛፍ ጥላ ይሰጣል። ይቅር ግን አይልም። ስትበድዪ ማንን ልትለምኚ ነው? ነገ ቢወድቅስ፣ እምነትሽን የት ልታስቀምጪው ነው?»

ለዚህ መልስ አጣች። ነገሩም ከውኃው እንስራ ጋር አብሯት ቤቷ ገባ።

እናቷ «አድባሯ ትቀበለን» ማለት ታበዛ ነበር። ከመንደራቸው በላይ ያለውን የወይራ ዛፍ ሳትሳለም ገበያ አትወርድም። ንጋትወርቅ ያንን ሁሉ ወሎ ትታው የመጣች መስሏት ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ከባሏና ከልጇ ከመንበረ ጋር ወደዚህ እርሻ ሲወርዱ ግን ቤተ ክርስቲያንም ቄስም አልነበረም። በመጀመሪያው ክረምት ባሏን ወባ ወሰደው። ፍትሐት የሚያደርስለት ጠፍቶ፣ ሬሳውን ከሾላዋ ሥር አሳርፈው፣ የሚያውቁትን አቡነ ዘበሰማያት ደጋግመው ቀበሩት። ስቅለት ሲደርስ እዚያው ሰገዱ። አንደኛው ትልቅ ቅርንጫፍ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ ነውና ፊታቸውን ወደየት እንደሚያዞሩ የሚነግራቸው እሱ ነበር። ቆርቆሮው ገብርኤል የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ዙሪያውን ጥጥ በከበበው፣ አንዲት ዛፍ በሌለችበት ሜዳ ላይ። በንጋትወርቅ አገር ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ የሚታወቀው በዛፉ ነው።

«ይቅር አይልም፤ እውነታቸውን ነው» አለች እንስራውን ስታወርድ። «ይቅር ባዩን የጠራሁት ግን ከሱ ሥር ሆኜ ነው።» የሰማት ሰው አልነበረም።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ተግሣጽ ሆኖ ይቀር ነበር። ነገር ግን እርሻው አዲስ ቦይ ሊያወጣ ነበርና ቀያሾች ችካል ይዘው መጡ። መስመሩ ሾላዋ ላይ አረፈ። ሥራ አስኪያጁ ትቆረጥ አለ። የሚቆርጥ ጠፋ። አንዱ ወገቤን አለ። ሌላው ሚስቴ እርጉዝ ናት አለ። ቢሰጥ የሚባለው ካቦ እንኳ፣ ሠራተኛ ሲያዝ ምላሱ ጅራፍ የሆነው፣ «እኔ መጥረቢያ ስይዝ እጄ ያብጣል፤ ከልጅነቴ ነው» ብሎ ማለ። የዶዘሩ ነጂ በላይ የመንበረ ባል ነው፤ እሱ ደግሞ ዶዘሩ ዘይት ያፈሳል ብሎ አምስት ቀን አቆመው። አድባር የነካ ዓመቱን አይጨርስም የሚለውን ፍርሃት ሁሉም ከስንቁ ጋር ቋጥሮ ከአገሩ ይዞት ወርዷል።

ሥራ አስኪያጁ መምሬ ዘንድ ሄዶ «ሕዝብዎ ዛፍ ፈርቶ ሥራ አቆመ» አላቸው።

ይህ ቃል መምሬን አንገታቸውን አስደፋቸው። የተጠመቀ ሰው፣ አንገቱ ላይ ማዕተብ ያሰረ ሰው ግንድ ይፍራ? ፍርሃቱ የሚሰበረው፣ ቅቤ የቀባችው ራሷ በሰው ፊት የመጀመሪያውን መጥረቢያ ስታሳርፍ ነው ብለው ቆረጡ። ለዚህም መያዣ ነበራቸው። መንበረ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ ሰማንያው የሚሞላው ደግሞ መጪው እሑድ ነው።

«የንስሐ አባትሽ ነኝ፤ ቀኖናሽም ይኸው ነው» አሏት። «ዓርብ ጠዋት አንድ ጊዜ ትመቺያለሽ። እሑድ ልጅቷን አጠምቃታለሁ። እምቢ ካልሽ፣ ለግንድ ከሚሰግድ ቤት ሕፃን አልቀበልም።»

ቤት ውስጥ መንበረ ልጇን ታቅፋ አለቀሰች። «እማዬ፣ ይህ የወባ አገር ነው። ሳትጠመቅ ብትሞትብኝስ? አንድ ጊዜ ነው ያሉሽ። ቅርፊቷን ብቻ ነካ አድርጊያት።»

«እኔ የምለው እማማ» አለ በላይ፣ አማቱን ቀና ብሎ ማየት ስለሚያፍር የሕፃኗን እግር እያየ፤ «ነገ የጥጥ መኪና ወደ አዋሽ ይወርዳል። እዚያ ያሉት ቄስ አያውቁንም። አስጠምቀናት እንመለስ።»

«ሌባ ነኝ እንዴ የልጅ ልጄን ተደብቄ የማስጠምቅ? የንስሐ አባትሽ ማን ነው ሲሉኝ ምን ልበል ነው? ዋሽቼ ላስጠምቃት?»

«እሺ ቀኖናውን ይፈጽሙ።»

«ቀኖናው ሰው ፊት፣ እስከ ዛሬ ያመለክሁት ጣዖት ነበር ብዬ እንድመሰክር ነው። አላመለክሁም። አምላኬ አንድ ነው። ሁለት ቢሆን ኖሮማ አንዱን ለመምሬ እተውላቸው ነበር።»

በላይ ሳቁን ዋጠ። መንበረ ግን አልሳቀችም። «አንቺ ስለ ቃልሽ፣ እኔ ስለ ልጄ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ንጋትወርቅን ይህ ቃል ከቄሱ ግዝት ይልቅ አቃጠላት።

ሐሙስ ዕለት ኡሙሀኒ መጣች። ኡሙሀኒ በየሳምንቱ ወተትና ቅቤ ይዛ የምትመጣ አፋር ናት፤ ሁልጊዜ ሾላዋ ሥር አረፍ ሳትል ካምፕ አትገባም። ንጋትወርቅን እዚያ ስታገኛት ገና ሳትቀመጥ ጀመረች።

«ቄሳችሁ በእኔ ቅቤ ተጣልተውሻል አሉ። ቅቤዬ ከፍቶ ነው?»

«ቅቤሽስ ደግ ነው። የቀባሁበት ቦታ ነው የከፋ።»

«ዛፍ ማምለክ እኛም ዘንድ ሐራም ነው፤ እዚህ ላይ ከቄሱ ጋር ነኝ» አለች ኡሙሀኒ። «ግን ወላሂ፣ ቁረጡት ያላችሁ ማን ነው? ከብቶቻችን የሚጠጡት በዚህ ነበር። ጥጥ መጣ፣ ወደዚያ ሂዱ ተባልን፤ ሄድን። ዛፉ ቀረ። ከዚህ ጥላ አያቴ ተቀምጧል፤ የአያቴም አባት ተቀምጧል። እናንተ በመጣችሁ በሦስት ዓመታችሁ ትቀቡታላችሁ፣ ትጣሉበታላችሁ፣ ደግሞ ትቆርጡታላችሁ። ስትቆርጡስ አንድ ሰው ጠየቃችሁ?»

ንጋትወርቅ አፈረች። ሾላዋ የሌላ ሰው ትሆናለች ብላ አስባ አታውቅም ነበር። «እኔ አልቆርጣትም» አለች።

«ነገ እናያለን፣ ኢንሻአላህ» አለች ኡሙሀኒ፣ አምናትም ሳታምናትም።

ዓርብ ጠዋት ሥራ ቆሞ ካምፑ በሙሉ ወንዙ ዳር ወጣ። ሥራ አስኪያጁ መኪናውን አቁሞ በሩ ላይ ተደገፈ። በላይ ዶዘሩን አስነሥቶ ተቀምጧል። መንበረ ልጇን አዝላ ከሴቶቹ ኋላ ቆማለች። ካቦ ቢሰጥ የተሳለ መጥረቢያ አመጣ፤ ሲያቀብል ግን በእጁ ሳይሆን በጨርቅ ጠቅልሎ ነበር የያዘው።

«እጄ እንዳያብጥ ነው» አለ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

መምሬ መስቀላቸውን ይዘው ከግንዱ አጠገብ ቆሙ። «ወገኖቼ፣ ይህ ዛፍ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። እግዚአብሔር ፈጠረው፤ ሰው ይጠቀምበታል። የሚያመልከው ሎሌው ይሆናል፤ የሚፈራውም እንደዚያው። ዛሬ ነፃ ትወጣላችሁ።» መጥረቢያውንም ለንጋትወርቅ ሰጧት።

ከጠበቀችው በላይ ከበዳት። ዞር ስትል ዓይኗ ከመንበረ ዓይን ጋር ተገጣጠመ። አንድ ጊዜ፣ ይላል የልጇ ፊት፤ አንድ ጊዜ ብቻ እማዬ። የሕፃኗ ራስ በእናቷ ትከሻ ላይ ይታያል፤ ክር ያልታሰረበት ባዶ አንገቷም ይታያል። ንጋትወርቅ መጥረቢያውን እስከ ወገቧ አነሣችው። እውነት ለመናገር ልትመታ ነበር።

ወዴት ላሳርፈው ብላ ቀና ስትል፣ ወደ ምሥራቅ በተዘረጋው ቅርንጫፍ ላይ ፀሐይ ያነጣው የገመድ ቁራጭ አየች። መጥረቢያውን አወረደችው።

«አባቴ፣ ያ ገመድ ምንድን ነው?»

መምሬ ቀና አሉ። «የድንኳን ገመድ ነው።»

«የየትኛው ድንኳን?»

ከሴቶቹ መካከል ካሰች «የጥምቀት ነዋ! ሳይፈቱት የረሱት!» ብላ ጮኸች።

«የጥምቀት ነው» አለች ንጋትወርቅ። «ከአራት ወር በፊት ገብርኤልን አውጥተው እዚህ አሳደሩት። ከካምፑ ወዲህ ሌላ ጥላ የለም ብለው ቦታውን የመረጡት እርስዎ ነዎት። ታቦት ሲያርፍባት ጥላ ነበረች። እኔ ስቆምባት ጣዖት ሆነች?»

«ክብሩ የታቦቱ ነው እንጂ የዛፉ አይደለም» አሉ መምሬ።

«እኔስ ምን አልሁ? በየጠዋቱ በምታዜሙት ምስጋና ፀሐዩም፣ ውኃውም፣ የሚያፈራው ዛፍም ፈጣሪህን አመስግን ተብሎ ይጠራል። ግዕዙን አላውቀውም። ትርጉሙን ግን እርስዎ ነዎት ያስተማሩን። ዛፏ እንድታመሰግን ከታዘዘች፣ አብሬያት ባመሰግን ኃጢአቴ ምኑ ላይ ነው? ቅቤው በዛ ካሉኝ ቅቤውን እተዋለሁ፤ እሺ። መጥረቢያ ግን አላነሣባትም። ታቦት ያረፈበትን የሚነካ ሰው ካለ ካህን ነው።» መጥረቢያውን በሁለት እጇ፣ እጀታውን ወደሳቸው አድርጋ፣ ለታላቅ ሰው ዕቃ እንደሚሰጥ ጎንበስ ብላ ዘረጋችላቸው። «ይኸው። እርስዎ ይጀምሩት።»

ድምፅ ያለው የበላይ ዶዘር ብቻ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ።

መምሬ መጥረቢያውን ተቀበሉ። የፈሩት ዛፉን አይደለም። ቢተዉት ሕዝቡ ቄሱም አድባር ፈሩ እንደሚል ያውቃሉ። የካባቸውን እጅጌ ሰብስበው፣ በስመ አብ ብለው፣ አንድ ጊዜ በኃይል መቱ።

ሾላ ወተት እንዳለው ደገኛውም አፋሩም ያውቃል። ያም ሆኖ ያ ነጭ ወተት ከቁስሉ ወጥቶ በግንዱ ላይ መውረድ ሲጀምር አንዲት ሴት «ወይኔ እናቴ» አለች። ንጋትወርቅ ቀርባ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። እንደገና ወረደ። እንደገና ጠረገችው።

«አየሽ?» አሉ መምሬ፣ ድምፃቸው ግን ሰለል ብሎ ነበር። «ሰማይ አልተደፋም።»

«ሰማይ ይደፋል ብዬ አይደለም እምቢ ያልሁት» አለች።

በዚህ ጊዜ የዶዘሩ ድምፅ ቆመ። በላይ ሞተሩን አጥፍቶ፣ እጁን በሱሪው እየጠረገ ወረደ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለው ሥራ አስኪያጁ።

«ዘይት ያፈሳል» አለ በላይ።

ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ እየሳቀም ወደ ጥጡ ተበተነ። በላይን በዚያው ሰዓት ከዶዘር ነጂነት አውርደው አካፋ አስያዙት፤ የሚቆፍረውም ያንኑ አዲሱን ቦይ ሆነ። መንበረ ለእናቷ ማታ እራት አቀረበችላት፤ አብራት ግን አልበላችም።

ሥራ አስኪያጁ ከገዋኔ በኩል ካለ ሌላ እርሻ ነጂ አስመጣ። ቅዳሜ ጠዋት ዶዘሩ ተነሣ። መምሬ ጉልላት ድምፁን ከቤተ ክርስቲያን ሆነው ሰሙና ጥምጥማቸው እየተፈታ ሮጡ። ቀዳሚት ሰንበት ናት፤ በሰንበት ቅጠል አይቀነጠስም።

«ቀዳሚት ነው! አቁም! ሰኞ ይሁን!» እያሉ መስቀላቸውን ከዶዘሩ ፊት አነሡ።

ነጂው አላያቸውም፣ አልሰማቸውምም። ካቦ ቢሰጥ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ዳር ሳባቸው። «ይተዉት አባቴ። ፍርሃቱን ትናንት ሰበሩልን፤ ከእንግዲህ እኛን ማን ሊያቆመን?» አላቸው። ለሹፈት አልነበረም፤ ማመስገኑ ነበር። መምሬን የገደላቸውም ምስጋናው ነው።

ሾላዋ በሦስተኛው ግፊያ ወደቀች። ቅርንጫፎቿ ላይ የነበሩት ጦጣዎች እየጮኹ ወደ ወንዙ ማዶ አመለጡ። መምሬ በአቧራው ውስጥ ቆመው ቀሩ፤ ነጭ ጥምጥማቸው ቡናማ እስኪሆን።

ንጋትወርቅ አላለቀሰችም። ሰው ሁሉ ሲበተን ማጭዷን ይዛ ሄደች፤ ክንድ ክንድ የሚያህሉ ለጋ ቅርንጫፎች መርጣ መሰብሰብ ጀመረች። ሾላ ከቅርንጫፉ ይበቅላል፤ እርጥበት ካገኘ እምቢ አይልም። ካሰች መጣች። ሌሎቹም ተከተሏት። ኡሙሀኒም አህያዋን እየነዳች ደረሰች፤ የወደቀውን ግንድ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አልቆረጥሽውም» አለች በመጨረሻ።

«አልቆረጥሁትም።»

«በይ ጫኚ። አህያው ባዶውን ነው።»

እሑድ ጎሕ ሲቀድ መምሬ ለቅዳሴ ሲወጡ የቆርቆሮው ገብርኤል ቅጥር በሴቶች ተሞልቶ አገኙት። ግማሾቹ ይቆፍራሉ፤ ግማሾቹ ከወንዝ ውኃ ያመላልሳሉ። ከደጁ እስከ ቤተ ልሔሙ ድረስ የሾላ ቅርንጫፎች ተሰልፈው ቆመዋል። መንበረ ልጇን ታቅፋ በሩ ጥግ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ ቢሆንም መጥታለች።

«ማን ፈቀደልሽ?» አሉ መምሬ።

«ማንም» አለች ንጋትወርቅ ከጉድጓዱ ሳትነሣ። «ደስ ካላለዎት ይንቀሏቸው። መንቀል እንዲያውም ከመቁረጥ ይቀላል። ደግሞ እተክላለሁ።»

«በዚህ ፀሐይ ይደርቃሉ።»

«አጠጣለሁ።» እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቀና አለች። «አባቴ፣ ዛፉ ቢወድቅ እምነትሽን የት ልታስቀምጪው ነው ብለውኝ ነበር፤ ያኔ መልስ አጣሁ። ይኸው ወደቀች። እኔ ደግሞ ልጅቷን አስመጥቼ ከደጅዎ ቆሜያለሁ። እምነቴ ያለው እዚህ ነው፤ ትናንትም እዚሁ ነበር። ቀኖናውን ግን አልፈጸምሁም፤ ወደፊትም አልፈጽምም። ማጥመቅ አለማጥመቅ የእርስዎ ነው። ለዚያ እግዚአብሔር የሚጠይቀው እኔን አይደለም።»

ሴቶቹ ሥራቸውን አቆሙ። በመምሬ ካባ እጅጌ ላይ የዓርቡ የሾላ ወተት ደርቆ ጠቁሯል፤ በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት፤ አልለቀቀም። ቅጥሩን አዩ። የተሰለፉትን ቅርንጫፎች አንድ በአንድ እየተከተሉ ዙሪያውን አዩ። ምናልባት በዛፍ የተከበበውን የልጅነታቸውን ደብር አስበው ይሆናል።

«የክርስትና እናቷ ማን ናት?» አሉ።

«እኔ ነኝ አባቴ!» አለች ካሰች፣ አካፋዋን ጥላ።

መንበረ ብድግ አለች። እናቷን አየቻት፤ ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«በሉ እንግዲህ ግቡ፤ ውኃው ቀርቧል» አሉ መምሬ። «ንጋትወርቅ፣ አንቺም ነይ።»

ንጋትወርቅ ግን ተመልሳ ተንበርክካ ነበር። የመጨረሻዋ ቅርንጫፍ ገና ትወዛወዛለች።

«ይቆዩኝ» አለች ዞር ሳትል። «ይህቺን ላጽናት።»

አፈሩን በመዳፏ ጠቀጠቀች። ጣሳውን አንሥታ የአዋሽን ውኃ ቀስ አድርጋ፣ ሳትቸኩል አፈሰሰችበት።

መምሬም ከደጃፉ ቆመው ጠበቋት።